ጤና ጣቢያው የተመዘነ ዕለት

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አንድ ሙሉ ጤና ጣቢያ ላወፍር ተነስቼ ነበር። ይህን ስናገር የሥራ ባልደረቦቼ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ይሳቁ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነገር ግን የሰሙት ግማሹን ብቻ ነው፤ የቀረውን ለማንም አውርቼ አላውቅም።

የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም። ዛሬም የሚሠሩበት፣ ዛሬም የሚታከሙበት ሰዎች አሉና በእኔ ወሬ ማፈር የለባቸውም። ሰቆጣ ዙሪያ ነው፤ ከመኪናው መንገድ ወርዶ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ፣ አፋፍ ላይ የተሠራ፣ ቆርቆሮው ከሩቅ ዓይን የሚወጋ ቤት። ከፊቱ የባንዲራ እንጨት፣ ከጀርባው ጥቁር ሮቶ አለው። ሮቶው የመጣው ውሃ እንዲጠራቀምበት ነበር። እኔ እስከማውቀው ድረስ ግን ውስጡ የተጠራቀመው የእኛ የልጆቹ ጩኸት ብቻ ነው፤ አፋችንን አፉ ላይ ደቅነን ስንጮህ ድምፃችን ወፍሮ ይመለስልን ነበር።

ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው በኽምጣኛ ነው። አማርኛ ለእኔ የሁለት ቦታ ቋንቋ ነበር፤ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ። የትምህርት ቤቱ አማርኛ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይጠፋል። የጤና ጣቢያው ግን ሰውነት ላይ ነው የሚያርፈው። «ክፈቺ» ሲሉኝ አፍ ነው። «ዙሪ» ሲሉኝ መርፌ ነው። «መመዘን» ደግሞ ከማገሩ በተንጠለጠለው ሚዛን ላይ፣ ቁምጣ በመሰለ ጨርቅ ውስጥ ገብቶ እየተወዛወዙ ማልቀስ ነው። ይህ ቃል ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብሎ የጠረጠረ ልጅ በሰፈራችን አልነበረም።

የምትመዝነን ሲስተር ፅዮን ናት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጣዋ ከሳቋ ቀድሞ የሚመጣ፣ ሳቋ ግን ቶሎ ደርሶ ቁጣዋን የሚያባርርላት ሴት ነበረች። ቤቱ የተሠራው ለአራት ባለሙያ ነው ይባላል። አንዱ ለትምህርት ሄዶ በዚያው ቀረ፤ አንዷ አግብታ ሄደች፤ አንዱ ደግሞ ጭራሽ አልመጣም፣ ስሙ ብቻ በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። ሲስተር ብቻዋን ታዋልዳለች፣ ታክማለች፣ ትከትባለች፣ ስትጨርስም ራሷ ትጠርጋለች። ካርድ የሚያወጣው ዘበኛው አያ ዋሴ ነው። አያ ዋሴ ማንበብ ስለማይችል ካርዱን የሚያስቀምጠው በሰው መልክ ነበር፤ ቀያዮቹን በቀኝ፣ ጠያይሞቹን በግራ፣ ነገረኞቹን መሳቢያ ውስጥ። ደግሞ አይጠፋበትም።

እኔ ሲስተርን እወዳት ነበር። እናቴ ዝናሽ «አንቺ ጥሩሐረግ፣ እርስዎ በይ!» እያለች ጭኔን ብትቆነጥጠኝም አንቺ ነበር የምላት። ባሏን አይቼ አላውቅም፤ ልጅም የላትም ብዬ በራሴ ወስኜ ነበር። ስለዚህ የልጅነቱ ቦታ ክፍት ነው፤ ማንም ሳይቀድመኝ ይዤዋለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ተስፋው ክንዱ ቀጭን ስለነበር እናቴ በየሳምንቱ አዝላው ትወጣለች፤ እኔም እከተላለሁ። ሲስተር ክንዱ ላይ ባለ ሦስት ቀለም መለኪያ ትጠመጥማለች። አረንጓዴ ላይ ካረፈ «ጎበዝ!» ይባልና ወደ ቤት ነው። ቢጫ ላይ ካረፈ እናትየዋ ቁጣና አልሚ ዱቄት ተቀብላ ትመለሳለች። ቀይ ላይ ካረፈ ሲስተር ዝም ትላለች። ከቁጣዋ ሁሉ የሚያስፈራው ያ ዝምታዋ ነበር። ቀይ የሆነ ልጅ የዚያኑ ቀን ወደ ሰቆጣ ይወሰዳል። የእኛ ተስፋው ቢጫ ነበር፤ እኔም በዚህ ዓለም ያለው ነገር ሁሉ በሦስት እንደሚከፈል የተማርኩት እዚያ ነው።

አንድ ሐሙስ ተራ ስንጠብቅ አያ ዋሴ ወንበሩን አስጠግቶ ለእናቴና ለእመት ሸጌ ወሬ ያቀብላቸው ጀመር። እመት ሸጌ የሰፈሩ ትልቅ ሴት ናቸው። ምንም ሳያማቸው ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ፤ ለምን እንደመጡ ሲጠየቁ «እግሬ ለምዶ ነው» ይላሉ።

«ለማክሰኞ መዛኞች ይመጣሉ» አለ አያ ዋሴ።

«ማንን ሊመዝኑ?» አለች እናቴ።

«ጤና ጣቢያውን ነዋ!»

እመት ሸጌ ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩ። «ይህን ሁሉ?»

«ሙሉውን። ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ አይቀርም አሉ። ከዚያ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይ ቀይ ይሰጡታል።»

«ቀይ ከሆነስ?»

አያ ዋሴ ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀይ ከሆነማ ሲስተርን ያነሷታላ።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እኔን! ተስፋውን ታዲያ ማን ሊያይልኝ ነው?»

«ዝም ብለሽ ስሚኝ። ሰው ከተማከረ ይደረስላታል። ነገ የቀበሌው ሊቀመንበር ቤት እንነጋገራለን።»

ከዚያ ወሬ ውስጥ አንድም የማላውቀው ቃል አልነበረም፤ ጉዴ የመጣው በዚህ ነው። መመዘን አውቃለሁ። ቀይ አውቃለሁ። ማንሳትም አውቃለሁ፤ ተስፋውን ሳነሳው ይቀለኛል፣ የውሃውን ጀሪካን ሳነሳው ይከብደኛል። የሚነሳው እንግዲህ ቀላል ነገር ነው። ሰዎች ትልቅ ሚዛን ይዘው ይመጣሉ፤ ጤና ጣቢያውን ያንጠለጥሉታል፤ ከስቶ ከተገኘ ቀይ ይሆናል፤ ቀይ የሆነ ሁሉ ወደ ሰቆጣ እንደሚወሰድ ደግሞ የታወቀ ነው። ሲስተር ውስጡ ስላለች አብራ ትነሳለች። ሳስበው እንባዬ መጣ።

ዛሬ እኔም ሙያው ውስጥ ስለገባሁ ነገሩ ምን እንደነበር አውቃለሁ። የማኅበረሰብ የውጤት ካርድ ይባላል። ተጠቃሚው ተሰብስቦ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ባለሙያው ቁጥርና አክብሮት ነጥብ ይሰጣል፤ ጉድለቱ ተመዝግቦ እንዲሟላ ይጠየቃል። ማንንም ለማንሳት አይደለም። «ያነሷታል» የምትለዋን አያ ዋሴ ከኪሱ ነው የጨመራት። ቀበሌው በሙሉ ግን አመነው፤ እኔም አመንኩት።

በማግስቱ ምንይሉን ጠራሁት። ምንይሉ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ በዕድሜ አንድ ዓመት ይበልጠኛል፣ በትምህርት አንድ ክፍል ያንሰኛል። ነገሩን ስነግረው አላመነኝም።

«ቤት አይከሳም» አለ።

ስለዚህ የክንድ መለኪያውን ከሲስተር ጠረጴዛ ላይ ሹልክ አድርጌ አመጣሁና የባንዲራውን እንጨት ለካሁት። ሸንቃጣ እንጨት ነበር። ጥምጥም አድርጌ ሳብኩ። ቀይ።

የምንይሉ ፊት ተለወጠ። «እንደገና ለኪው።»

እንደገና ለካሁት። ቀይ።

«በስመ አብ!» አለ። «ሊሞት ነው እኮ!»

ምንይሉ አልሚ ዱቄት እንስጠው አለ። በየት ይበላል? በዚህ ጥቂት ተጨቃጨቅን። በሩ ነው አፉ አለ፤ እኔ ግን በበሩ የሚገባው ሁሉ ተመልሶ በበሩ ሲወጣ ስላየሁ አልተቀበልኩትም። በመጨረሻ በድንጋይ ተስማማን። ድንጋይ በአገራችን ሞልቷል፤ ካስቀመጡት ደግሞ ተነስቶ አይሄድም።

ዓርብ፣ ቅዳሜና ሰኞ ተሸከምን። ከምሳ በኋላ ሲስተር ስልኳን ይዛ ኔትዎርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ትወጣለች፤ አያ ዋሴም ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል። ያች ሰዓት የእኛ ነበረች። ድንጋዩን ግን የትም መወርወር አልቻልንም፤ ሲስተር የምትሠራበት ዕቃ ላይ ብናስቀምጥ ትቆጣለች። ስለዚህ ባዶ ባዶውን እየፈለግን ነበር የምንሞላው።

የመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ከላይኛው መደርደሪያ በቀር ባዶ ነበር፤ ማንም የማይከፍተው የታችኛው በሩ ስድስት ድንጋይ ዋጠ። የክትባት ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ሁለት ትልልቅ ገባበት። ማዋለጃ ክፍል ያለው ሁለተኛው አልጋ ፍራሽ ስላልነበረው ሽቦው ላይ አምስት ደረደርንና አንሶላ አለበስነው፤ ቁርጥ የተኛ ሰው መሰለ። ያ ስሙ ብቻ የተለጠፈው ባለሙያ ክፍል ውስጥ ወንበር ነበር። ምንይሉ የራሱን ሆድ የሚያህል ድንጋይ አቅፎ እያቃሰተ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፤ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎም እጅ ነሳው። የቀረውን ወደ ሮቶው ወሰድን። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲወርድ እንደ ነጎድጓድ ጮኸ። አያ ዋሴ ከእንቅልፉ ብትት ብሎ ሰማዩን አየና «ተመስገን፣ ሊዘንብ ነው» ብሎ ተመልሶ ተኛ።

ሲስተርም ራሷ መክበድ ነበረባት። ዓርብ ስለሆነ እንቁላል አይሆንም ብዬ በቅጠል ጠቅልዬ ንፍሮ ወሰድኩላት። ቅዳሜም ሌላ አመጣሁ። ሰኞ እንቁላል ሦስት።

«ብዪ» አልኳት።

«በላሁ እኮ።»

«ጨምሪ።»

«ጥሩዬ፣ ምን ሆነሻል?» አለች አፏ ሞልቶ። «ለፋሲካ ልታርጂኝ ነው እንዴ?»

ብትስቅም በላችልኝ። ያም ሆኖ ክንዷን ሳየው ቀጭን ነው። ስለዚህ ሰኞ ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ ምስማር ላይ የተሰቀለው ነጭ ጋወኗ ኪሶች ውስጥ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ድንጋይ ጨመርኩ። የዚያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ እንደኔ የታደለ ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያው ሠርግ ቤት መሰለ። ግቢው ተጠርጓል፤ አግዳሚው ላይ ነጭ በነጭ የለበሱ፣ ደረታቸው የሰፋ፣ ጉንጫቸው የሞላ ሰዎች ተደርድረዋል። ሊቀመንበሩ ቤት የተመከረውን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። በዚያ ቀን የታመመ ሰው ዝር እንዳይል፣ ተራ የሚይዘው ጤነኛ ብቻ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። በሽተኛ በብዛት ከታየ ሲስተር አላዳነችም ይባላል ብለው ፈርተው ነው። የሚያስለው የእናቴ አጎት ሳይቀር ቤት ተዘግቶበት ዋለ።

መዛኞቹ ላባቸውን እየጠረጉ በእግር ደረሱ። ሁለት ነበሩ፤ አጠር ያለ ጎልማሳ አቶ ገብረ አምላክና መሰረት የምትባል ወጣት። እኔ ዓይኔን የጣልኩት ቦርሳቸው ላይ ነው። ሲከፍቱት ወረቀት፣ እስክሪብቶና የባቄላ ከረጢት ወጣ። ሚዛን የለም። ከኋላ በበቅሎ እየመጣ ይሆናል ብዬ መንገዱን ማየት ጀመርኩ።

አቶ ገብረ አምላክ ከአግዳሚው ጫፍ ጀመረ። «አባቴ፣ ምንዎን አመመዎት?»

«ምንም። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እርስዎስ?»

«እኔም ደህና ነኝ።»

ሦስተኛውም ደህና ነው። አራተኛው ሳይጠየቅ «ደህና!» አለ።

«ታዲያ ለምን መጣችሁ?»

ሰዎቹ ተያዩ። ይኼ አልተመከረበትም። ቆይቶ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና «ለማመስገን» አለ።

አያ ዋሴ ደግሞ ያገባችዋ ነርስ ትታው የሄደችውን ጋወን ለብሶ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። እጅጌው ክርኑ ላይ ቀርቷል። ባለሙያው ሁለት እንዲመስል ታስቦ ነው። መሰረት ቀና ብላ አየችውና «የእርስዎ ሙያ ምንድን ነው?» አለችው። አያ ዋሴ ወሬ መጨመር እንጂ ፊት ለፊት ተጠይቆ መዋሸት አይችልበትም፤ እውነቱን እንዳይናገርም ተነግሮታል።

«ጥበቃ» አለና ትንሽ አሰበ። «ጤና ጥበቃ።»

መሰረት ጻፈችው።

ሲስተር ከጓዳ ወጣችና ሰላምታ ሰጥታ ጋወኗን ከምስማሩ አነሳች። ክብደቱ ወደ ታች ጎተታት። ግራ ገብቷት ለበሰችው። አንድ እርምጃ ስትራመድ የቀኝ ኪሷ ተቀደደና ድንጋዩ አቶ ገብረ አምላክ እግር ላይ ዱብ አለ። ሰውየው በአንድ እግሩ ሲዘል ሲስተር ድንጋዩን አንስታ እያገላበጠች አየችው፤ ከዚያ እጇን ወደ ግራው ኪስ ሰደደችና ሁለተኛውን አወጣች። ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። ያ የሚያስፈራው ዝምታዋ መጣ።

ቁም ሣጥኑ ተከፈተ። ድንጋይ። ማቀዝቀዣው ተከፈተ። ድንጋይ። ማዋለጃ ክፍል ሲደርሱ መሰረት «ቀስ፣ የተኛ ሰው አለ» ብላ በጣቷ ጫፍ እየሄደች አንሶላውን ገለጥ አደረገች። በመስኮት ሆኜ እያየሁ ነበር፤ ሲስተር ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እኔ በኩራት ፈገግ አልኩላት።

ከቀትር በፊት ስብሰባው ግቢው ውስጥ ተጀመረ። ሦስት ሳህን ተቀመጠ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ ወረቀት ተለጥፎበታል። አቶ ገብረ አምላክ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ሰው ባቄላውን በፈለገው ሳህን ይጥላል። ውሃ በበቂ አለ ወይ? ባቄላው ሁሉ አረንጓዴ ላይ ተንጫጫ። መድኃኒትስ? አረንጓዴ። የባለሙያ ቁጥር? አረንጓዴ፤ አያ ዋሴ ራሱ በሁለት እጁ ጣለ። ባለሙያዋ ታከብራችኋለች ወይ? አረንጓዴ። እመት ሸጌ ብቻ ባዶ እጃቸውን ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ድምፅዎን የት አደረጉት?» አለች መሰረት።

«የተቆላ ነው እኮ» አሉ እያላመጡ።

ሲስተር አንገቷን ደፍታ ነበር። ጤና ጣቢያው አሁንም ቀለለ ብላ የተጨነቀች መሰለኝ። ምን ውስጥ እንደነበረች የገባኝ እኔም እንደሷ ጋወን ከለበስኩ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ለእሷ ብሎ ሲዋሽላት፣ አራት ዓመት ሙሉ ይህ ይጎድለናል እያለች የጻፈችው ሁሉ ዓይኗ እያየ ሐሰት እየሆነ ነበር። ተነስታ ውሸት ነው እንዳትል ደግሞ የሚወዷትን ሰዎች በእንግዳ ፊት ማዋረድ ነው።

«አንድ ነገር ቀረ» አለች መሰረት። «ስለ ድንጋዩ የሚያውቅ አለ?»

ሊቀመንበሩ እንደምንም ተነሳና «አገሩ ድንጋያማ ነው» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

ምንይሉ ያን ጊዜ በክርኑ ጎሸመኝ። ስበረግግ ራሴን ቆሜ አገኘሁት። እናቴ ቀሚሴን ይዛ ወደ ታች ብትጎትተኝም አልተቀመጥኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ለምን?»

«እንዲከብድ ነዋ! ከቀለለ ቀይ ነው፤ ቀይ ከሆነ ሲስተርን ታነሷታላችሁ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አቶ ገብረ አምላክ ግን የታመመ እግሩን እያሻሸ ጠጋ አለኝ። «የት የት ነው ያስቀመጥሽው፣ እህቴ?»

«ባዶው ቦታ።»

«ባዶው ቦታ የቱ ነው?»

«ሮቶው ውስጥ አለ፤ ውሃ ገብቶበት አያውቅም። መድኃኒት ሣጥኑ ውስጥ አለ፤ የተስፋውን ሽሮፕ እናቴ ከሰቆጣ ነው የምታመጣው። ፍራሽ የሌለው አልጋ ላይ አለ። የማይመጣው ሰውዬ ወንበር ላይም ትልቅ አለ።» ትንሽ አሰብኩ። «ሌላም ባዶ ብዙ ነበር። ደክሞን ነው የተውነው።»

ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። እመት ሸጌ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ። «ከጠዋት ጀምሮ ሕፃን ፊት ስንዋሽ ዋልን። የእኔ ምራት ስትወልድ መብራት የለም፤ ባትሪውን በጥርሷ ይዛ ያዋለደቻት ይህችው ፅዮን ናት። ውሃውን ከወንዝ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ባቄላዬን መልሱልኝ!»

«በልተውታል እኮ፣ እማማ።»

«ሌላ ስጡኛ!»

ከዚያ ማን ሊያቆመው። አንዱ ልጁ በመርፌ እጦት እንዴት እንደተሰቃየ ተናገረ፤ ያ ለማመስገን የመጣው ሰውዬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ የቆየ ቁስሉን አሳየ፤ አያ ዋሴም ጋወኑን አውልቆ «እኔ ዘበኛ ነኝ» አለ። አረንጓዴው ሳህን እየተገለበጠ ወደ ቀዩ ተሞጀረ። ባለሙያዋ ታከብረናለች ተብሎ የተጣለው ባቄላ ብቻ ካለበት አልተነካም። እኔ ግን ያየሁት ቀዩን ነው፤ ሲሞላ እያየሁ ጮኼ አለቀስኩ። ሲስተር መጥታ አቀፈችኝ። እሷም እያለቀሰች ነበር። ልትነሳ እንደሆነ አወቀች ማለት ነው ብዬ የባሰ አለቀስኩ።

የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ ካደግኩ በኋላ አግኝቼ አንብቤዋለሁ። ተራ ቁጥር ስድስት እንዲህ ይላል፦ «በተቋሙ ውስጥ ብዛት ያለው ድንጋይ የተገኘ ሲሆን ለምን አገልግሎት እንደሚውል ተጠይቆ አጥጋቢ ምላሽ ተሰጥቷል።»

መዛኞቹ ማንንም ሳያነሱ ሄዱ። ሳምንት ጠበቅኩ፤ ሲስተር አለች። ወር ጠበቅኩ፤ አለች። ክረምቱ ሲወጣ ከምንጩ ቧንቧ ተስቦ ውሃ ገባ። ለዚያም ምንይሉና እኔ ሮቶው ውስጥ ገብተን ድንጋዩን አንድ በአንድ እንድናወጣ ተፈረደብን። ቀጥሎ መድኃኒት መጣ፤ ቀጥሎ ሁለት ነርስና አንዲት አዋላጅ መጡ። ድል ያደረግኩ መሰለኝ፤ ጤና ጣቢያው ወፍሯል፣ ሲስተርም አልተነሳችም።

አዲሶቹ በገቡ በሦስተኛው ሳምንት ሲስተር ዕቃዋን ስትሸክፍ አየኋት። አያ ዋሴን ጠየቅኩት። «ዝውውሯ ወጣላት» አለኝ። «ሦስት ጊዜ ነው የጻፈችው። ተተኪ ሲገኝ፣ ተተኪ ሲገኝ እያሏት ነው እንጂ እስካሁን መች ትቆይ ነበር።»

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ተተኪ የመጣው ቀይ ስለሆነ ነው። ቀይ የሆነው እኔ ስለተናገርኩ ነው። ማንም አላነሳትም፤ ያነሳኋት እኔው ነኝ።

የምትሄድ ዕለት ጠዋት ጫማዋን ሰረቅኩ። የመንገድ ጫማ ያላት አንድ ነው፤ ያለ እሱ የትም አትሄድም ብዬ ነው። ከቀሚሴ ሥር ደብቄው ሮቶው ሥር ተቀመጥኩ። ሲስተር በነጠላ ጫማ መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች። ስለ ጫማው አንድ ቃል አልጠየቀችኝም።

«ጠልተሽን ነው?» አልኳት።

«አልጠላኋችሁም።»

«ታዲያ ለምን ጻፍሽ? ያውም ሦስት ጊዜ!»

ቀና ብላ ኮረብታውን አየች። «ልጅ አለችኝ፣ ጥሩዬ። ጽጽቃ ከተማ፣ እናቴ ጋ ናት። ኮረብታው ላይ ወጥቼ የማወራው ከእሷ ጋር ነው።»

ቀላል አማርኛ ነበር፤ ግን ቶሎ አልገባኝም።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ዘጠኝ።»

ውስጤ በቅናት ተቃጠለ። ዘጠኝ ዓመት የእኔ ነው። የሆነ ክፉ ነገር ልናገራት ፈልጌ ነበር፤ አፌ ላይ የመጣው ግን እዚያው ጤና ጣቢያ የለመድኩት ጥያቄ ሆነ። ልጅ ሲመጣ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

«ስንት ኪሎ ናት?»

ሲስተር ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች። የእኔን ታውቃለች፤ የተስፋውን ታውቃለች፤ የቀበሌውን ልጅ ሁሉ ኪሎ ካርድ ሳታይ በቃሏ ትናገራለች። አፏን እንደከፈተች ቀረች።

«አላውቅም» አለች።

ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። በዚያች ልጅ መቅናቴን ያን ጊዜ ተውኩ፤ አዘንኩላት።

ጫማዋን ከቀሚሴ ሥር አውጥቼ እግሯ አጠገብ አስቀመጥኩላት።